የምክር ዓምድ፦ ኮርሱን ጨርሼ ቴሲሱ ላይ ቀረሁ

«ዕድሜዬ 37 ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ፤ ባንኩ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ቅዳሜና እሑድ በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ማስተርሴን ስማር ቆይቼ፣ ኮርሶቹን በሙሉ ጥር ላይ ጨረስኩ። ይኸው ጥቅምት ገባ፣ ቴሲሱ ግን አልተነቃነቀም። ያወረድኳቸው ጽሑፎች ከ60 ይበልጣሉ፤ የጻፍኩት አራት ገጽ ነው። አማካሪዬን ከየካቲት ጀምሮ አላገኘኋቸውም፤ አሁን ምን ብዬ እንደምደውል ጨንቆኛል። ርዕሴ ዲጂታል የባንክ አገልግሎት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተፅዕኖ የሚል ነው። ኮርስ ሳለሁ ቅዳሜን ይፈቅድልኝ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ‹ጨርሰሽ የለ› ብሎ መልሶ አስገባኝ። ባለቤቴ ‹ይቅርብሽ፣ ራስሽን አትጉጂ› ይለኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ሠ. ከአዳማ

ውድ ሠ.፣

አይተዉት። ቢተዉትም እንኳ እንዲህ በዝምታ በመጥፋት አይሁን፤ ስለ መተው ወደ ኋላ እንነጋገራለን። በየሳምንቱ መቶ ኪሎ ሜትር ሄደው መቶ ኪሎ ሜትር እየተመለሱ ኮርሶቹን በሙሉ ያለፉ ሰው የችሎታ ጥያቄ የለብዎትም።

የቆሙበት ቦታ ብዙ ሰው የሚቆምበት ነው። እየሠራ ማስተርስ የሚማር ሰው በመጨረሻው ፈተናና በፕሮፖዛሉ (በጥናት ዕቅዱ) መካከል ባለው ባዶ ወቅት የሚቀረው ብዙ ነው። ኮርስ እያለ የሰዓት ሠሌዳ አለ፣ ቀን የተቆረጠለት አሳይመንት አለ፣ አጠገብዎ ተቀምጦ «ሠራሽው እንዴ?» የሚል የክፍል ጓደኛ አለ። ቴሲስ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የቀረውን ክፍተት ደግሞ ሥራና ቤት ወዲያው ይሞሉታል፤ የእርስዎ ሥራ አስኪያጅ ቅዳሜን መልሰው የወሰዱት ለዚህ ነው።

ጆን ቢን እና ባርባራ ሜትዝነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. በዕድሜ ገፋ ያሉና በትርፍ ሰዓት የሚማሩ ተማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡ የሚያስረዳ ሞዴል አቅርበው ነበር። ጉዳዩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን የሚመለከት ቢሆንም ዋናው ነጥብ ለእርስዎም ይሠራል፦ ለእንዲህ ያለ ተማሪ ከግቢው ኑሮ ይልቅ ከግቢው ውጪ ያለው ነገር ይወስናል። የሥራ ሰዓት፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ገንዘብና የሌሎች ሰዎች ማበረታቻ ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ልበርታ» የሚለው ውሳኔ ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። መስተካከል ያለበት ዙሪያዎ ነው።

ከሬጅስትራር ይጀምሩ፤ አማካሪዎ ዘንድ ከመድረስዎ በፊት። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዚህ ሴሚስተር የተመዘገብኩ ተማሪ ነኝ ወይ? የፕሮግራሙ የመጨረሻ የጊዜ ገደቤ መቼ ያልቃል? ያልተሟላ ውጤት ወይም ያልተከፈለ ሂሳብ አለብኝ ወይ? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ የውጤት መግለጫዎን ኮፒ ይዘው ይመለሱ። ብዙ ተማሪ ቴሲስ ላይ ሆኖም በየሴሚስተሩ መመዝገብ እንዳለበት ሳያውቅ ስሙ ከመዝገብ ወጥቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የሚጠየቅበት ጊዜ የተወሰነ ነውና የማመልከቻውን ቀን ጽፈው ይያዙ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሴሚስተር የሚከፈለውን ገንዘብም ጠይቀው ይወቁ፤ «አንድ ዓመት ቢጨመር ምን አለበት» የሚለው ሐሳብ ዋጋው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ አማካሪዎ። ስምንት ወር ስለ ጠፉ የሚያፍሩ ይመስለናል፤ እፍረቱ ደግሞ በየወሩ ይከብዳል፣ ሲከብድ መጥፋቱ ይረዝማል። አማካሪ ብዙ ተማሪ ይይዛል። ስለ እርስዎ ዝምታ እርስዎ የሚያስቡትን ያህል አያስብም። የምክንያት ዝርዝር አይጻፉ፤ የልጅ ሕመም፣ የባንክ ኦዲት፣ የመብራት መጥፋት ተደርድሮ ሲቀርብ አንባቢው የሚመልሰው አይኖረውም። የሚመለስ ነገር ይላኩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ተማሪዎ ሠ. ነኝ። ከየካቲት ወዲህ ሳላገኝዎ ቆይቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ርዕሴን አጥብቤ ሁለት ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ጥናቱን በደንበኞች ፋንታ በአንድ ዲስትሪክት ባሉ ሠራተኞች ላይ ባደርገው ይስማማሉ? በሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት ቢሮዎ መምጣት እችላለሁ።»

አንድ ይቅርታ፣ ሁለት ገጽ፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀን። ከዚህ በኋላ በየ15 ቀኑ በተወሰነ ቀን ሦስት መስመር ይላኩ፦ ምን ሠራሁ፣ የት ቆምኩ፣ ቀጥሎ ምን እሠራለሁ። ምንም ባልሠሩበት ሳምንትም ይላኩ፤ በተለይ ያን ጊዜ። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ በአካል ይሂዱ። ሁለት ጊዜ ሄደው ካልተሳካ የላኳቸውን መልእክቶች ይዘው የዲፓርትመንቱን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ያነጋግሩ። ይህ ክስ አይደለም፤ አስተባባሪው የተቀመጠው ለዚህ ነው። ወረቀት በእጅዎ ከሌለ ግን «አማካሪዬ አይመልሱልኝም» የሚለው ቃልዎ ብቻውን አይቆምም።

ርዕስዎ ሰፊ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ «የእገሌ ነገር በእገሌ ነገር ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚለው አርዕስት የማስተርስ ተማሪ ሁሉ ልማድ ሆኗል፤ ሰው የሚመርጠው የተለመደ ስለሆነ እንጂ ለሥራው ስለሚቀል አይደለም። በቁጥር እንየው። አብዛኛው ተማሪ የናሙና መጠን የሚያወጣው በያማኔ ቀመር ነው። በአምስት በመቶ የስሕተት መጠን ሲሰላ የጥናቱን ሕዝብ ብዛት በ0.0025 ያባዛሉ፣ 1 ይደምራሉ፣ ከዚያ ብዛቱን ለተገኘው ቁጥር ያካፍላሉ። የቅርንጫፎቹ ደንበኞች 10,000 ቢሆኑ 385 ሰው ያስፈልግዎታል። ደንበኛ ደግሞ መስኮት ላይ ቆሞ አራት ገጽ መጠይቅ አይሞላም። ጥናቱ በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ ከሞባይል ባንኪንግ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን የሚመለከት ቢሆንና ቁጥራቸው 150 ቢሆን፣ የሚያስፈልገው 110 ነው። ሳይመለስ ለሚቀረው አሥር በመቶ ጨምረው 121 ያሰራጫሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በስድስት ሳምንት ያልቃል፤ የደንበኞቹ ግን ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ለምሳሌ «የሞባይል ባንኪንግ ቅሬታዎች አፈታት በቅርንጫፍ ሠራተኞች እይታ» የሚል ርዕስ ያስቡ። በየቀኑ የሚያዩት ጉዳይ ስለሆነ የትኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ከባንኩ ፈቃድ ሳያገኙ ፕሮፖዛል አያስጸድቁ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አውጥተው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ያስገቡ፤ መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ይጀመር። የሚፈልጉት የሠራተኛ አስተያየት ብቻ መሆኑን፣ የደንበኛ ሂሳብ መረጃ እንደማይጠይቁ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ባንኮች የሚከለክሉት ብዙ ጊዜ ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ ለራስዎ የበታች ሠራተኞች መጠይቅ አይስጡ። ኃላፊያቸው ለሆነ ሰው ማንም ሰው «ቅሬታ በአግባቡ አይፈታም» ብሎ አይጽፍም። የእርስዎን ቅርንጫፍ ከናሙናው ያውጡት፤ ለሌሎቹም መጠይቁን ስም በሌለው የታሸገ ፖስታ ይመልሱልዎት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ቅዳሜን ለማስመለስ ይሞክሩ። «ቴሲስ አለብኝ» ብሎ በቃል መለመን ብዙ አያዋጣም። ተማሪዋ የጥናት ጽሑፍ ምዕራፍ ላይ እንደምትገኝና እስከ መቼ እንደምትቆይ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዲፓርትመንቱ ያጽፉና፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዲፈቀድልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማብቂያ ቀን ያለው ጥያቄ ለፈቃጁም ይቀላል። የባንኩን የኅብረት ስምምነትም ያንብቡ፤ የትምህርት ፈቃድና የገንዘብ ድጋፍ የሚወሰነው በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ነው። ብዙ ሠራተኛ ያለውን መብት ሳያነብ ጡረታ ይወጣል።

ቅዳሜ ባይመለስም በሳምንት ስድስት ሰዓት ይበቃል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት። የማታውን አይመኑት፤ ሒሳብ ዘግቶ የመጣ አእምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ማንበብ ይችል ይሆናል፣ አዲስ አንቀጽ ግን አይወልድም። የእሑዱ ሰዓት ከቤት ውጪ ይሁን፤ ላይብረሪ ወይም ጸጥ ያለ ቢሮ። ኮርስ ሳለዎት ቦርሳ አንሥተው ሲወጡ ማንም «የት ነሽ?» አይልዎትም ነበር፤ ያንኑ ልማድ ያስቀጥሉት። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 26 ሳምንት አለ፤ በስድስት ሰዓት ሲባዛ 156 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ የዓመት ፈቃድዎን ይጨምሩበት። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል፤ በዘጠኝ ዓመት 20 ቀን ይደርሳሉ። ከአሠሪው ጋር ተስማምተው ለሁለት ይክፈሉትና አምስት ቀን ለዳታ ትንተና፣ አምስት ቀን ለመጨረሻው ጽሑፍ ያውሉ። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠሩበት 60 ሰዓት ነው።

ሰኔን ከዕቅድዎ ይሰርዙ። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ እርስዎ ኦፕሬሽን ላይ ሆነው በሰኔ ቴሲስ አይጽፉም። የብዙ ዲፓርትመንቶች ዲፌንስ፣ ማለትም ቴሲሱ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ቀን፣ የሚከመረው ግን በዚያው ሰሞን ነው። ባንክና ፋይናንስ ክፍል የሚሠሩ ተማሪዎች በተደጋጋሚ አንድ ዓመት የሚያልፋቸው በዚህ ግጭት ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይግባ፣ ታኅሣሥ በእርማትና በፈቃድ ይለፍ፣ መጠይቁ ጥር ከጥምቀት በኋላ ወጥቶ እስከ የካቲት አጋማሽ ይሰብሰብ። ትንተናው በመጋቢት፣ ጽሑፉ በሚያዝያ፣ ርክክቡ በግንቦት መጀመሪያ ይሁን። መጠይቅ በወር መጨረሻና ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን አያሰራጩ፤ ቴለሩ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ አይወጣም።

አጻጻፉን ከምዕራፍ ሦስት ይጀምሩ፤ ማንን፣ ስንት ሰው፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ዘዴ የሚለው ነው። ይህ ምዕራፍ የተወሰነ መልስ ስላለው በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ምዕራፍ አንድንም ያቀልልዎታል። ምዕራፍ ሁለት፣ የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበት፣ ብዙ ሰው የሚሰጥምበት ነው። 60 ጽሑፍ ማውረድ ማንበብ አይደለም፤ ማውረዱን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ካሉት ውስጥ 25 ይምረጡና አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ማን በስንት ዓመተ ምሕረት፣ የት አገር፣ በምን ዘዴ፣ ምን አገኘ፣ የእኔ ጥናት በምን ይለያል። ለአንድ ጽሑፍ 40 ደቂቃ ይስጡ፤ ማጠቃለያውን፣ ዘዴውንና ውጤቱን አንብበው ሠንጠረዡን ሞልተው ይለፉ። ማጣቀሻዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በነጻ በሚገኘው የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር በዞቴሮ ይያዙ፤ በመጨረሻ ሌሊት የማጣቀሻ ዝርዝር መልቀም የሚያስለቅስ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው ከያዘዎት ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ በስልክዎ ይቅዱት፣ ከዚያ ይጻፉት። ዘይቤው ኋላ ይታረማል።

መጠይቁን ሳይሞክሩ አይበትኑት። በሌላ ዲስትሪክት ባሉ 20 ወይም 30 ሰዎች ይሞክሩት፤ ክሮንባክ አልፋው (የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው ቁጥር) ከ0.70 በታች የሆነ ክፍል ካለ ጥያቄዎቹ ግራ እያጋቡ ሊሆን ይችላልና ያስተካክሉ። በዚህ ደረጃ የተገኘ ስሕተት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ 121 ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ የተገኘ ግን ሥራውን ከሥሩ ያስጀምራል። የተጻፈውን ሁሉ በየዕለቱ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ ጎግል ድራይቭና ፍላሽ። ፍላሽ ብቻ የያዘ ሰው አንድ ቀን ያዝናል።

ባለቤትዎ «ይቅርብሽ» የሚሉት ማለቂያው ስላልታያቸው ይመስለናል። ለእሳቸው ቴሲሱ ቀን የሌለው ድካም ነው። «እርዳኝ» የሚለው ቃል አይጨበጥም፤ የሚጨበጠውን ይንገሯቸው፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን አንተ ታዘጋጃለህ፣ እሑድ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እኔ ቤት የለሁም፣ ይህ ሚያዝያ 30 ያበቃል።» ለቅሶና ሰርግ በተመለከተ ደግሞ መቅረት አንመክርም፤ እድር ያለው ሰው እንደዚያ ሊኖር አይችልም። ቀብር ይውጡ፣ ተቀምጦ መዋሉን ግን ያሳጥሩ፤ ለሰርጉ አንዳችሁ ቤተሰቡን ወክላችሁ ሂዱ። ከክፍል ጓደኞችዎም ሁለት ይፈልጉ፣ ከሁለት አይብለጥ። ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ትደዋወሉና እያንዳንዳችሁ በሳምንቱ ያሳካችሁትን ትናገራላችሁ። አርባ ሰው ያለበት የቴሌግራም ቡድን ይህን አይተካም፤ እዚያ ሰው የሚያወራው ስለ ምረቃ ልብስ ኪራይ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠየቅ እንናገር። ቴሲስ ሠርተን እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በቴሌግራም ሞልተዋል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ይፈተናል። ከሕሊናውና ከቅጣቱ ሌላ የተግባር ችግርም አለው። በዲፌንስ ቀን የውጪው ፈታኝ «ለምን ይህን የትንተና ዘዴ መረጥሽ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው ገንዘቡን ተቀብሎ በሄደው ሰው ዘንድ ነው። ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ትንተና የሚያስተምርዎት ሰው መቅጠር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አጠገብዎ ተቀምጦ እጅዎን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ካሳየዎት ገንዘብዎ ባክኗል ማለት አይቻልም።

መተው የሚገባው መቼ ነው? ማስተርሱ በሥራዎ ላይ ደረጃም ደመወዝም የማይጨምር ከሆነና ርዕሱን ሲያስቡ የሚሰማዎት ድካም ብቻ ከሆነ፣ ማቆም ነውር የለውም። ሕመም፣ እርግዝና ወይም የሚታመም ወላጅ ካለ ደግሞ ለአንድ ሴሚስተር ማረፍ ተገቢ ነው። በሁለቱም መንገድ የዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ) ቅጽ በምክንያቱ ሞልተው፣ የተፈረመበትን ኮፒ ይዘው ይውጡ። በቅጽ የወጣ ሰው የሚመለስበት በር አለው፤ ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ግን ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን እንደ ጠፋ ነው።

ከሃያው የፈቃድ ቀን ሁለቱን ለመጨረሻ ያስቀሩ። ዲፌንስ ያለፉ ሰዎችም ይጠፋሉና። ፈታኞቹ ያዘዙትን እርማት ገጽ በገጽ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁና ከተስተካከለው ጽሑፍ ጋር ለአማካሪዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይስጡ፤ ፈታኙ ሳይረሳው ፊርማው ቶሎ ያልቃል። ከዚያ የሚታተመውና የሚጠረዘው ቅጂ፣ የላይብረሪው ርክክብ፣ የሒሳብ ክፍሉና የሬጅስትራሩ ክሊራንስ ይቀራሉ። እነዚህ ቢሮዎች በሥራ ቀን ብቻ ስለሚከፈቱ ከአዳማ ጠዋት ገብተው ሁለት ቀን ማደሩ ይሻላል፤ ላይብረሪው ሳይፈርም ሬጅስትራሩ ወረቀቱን ስለማይቀበል ከላይብረሪው ይጀምሩ።